የእግር ደወል

ደጋው አልቆ ቆላው ቁልቁል ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ወይራ ግንብ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ሚካኤል ነው፤ ከጥቅጥቅ ደን ጫፍ ላይ የተተከለ ሲሆን በቅጽሩ ውስጥ ከወይራ ቅርንጫፍ በጠፍር የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለው። ድንጋዩ ሲመታ ማዶ ያለው አገር ሳይቀር ይሰማዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ያ ደወል ከወሩ መባቻ እስከ ወሩ ማለቂያ የሚነካው የለም። በዚያ ወር ሕዝቡን ለኪዳን ጸሎት የሚቀሰቅሰው ሰው ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በር ያንኳኳል። «የእግር ደወል» ይሉታል። እንግዳ ሆኖ ያደረ ሰው «ምነው፣ ደወሉን ሌባ ወሰደባችሁ እንዴ?» ብሎ መሳቁ አይቀርም፤ የመንደሩ ሰው ግን በዚህ ነገር ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው ይላሉ ሽማግሎቹ።

ጠመንጃ በአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የወይራ ግንብ ደዋይ ቀፀላ የሚባል ሰው ነበር ይባላል። ትውልዱ ከሌላ አገር ነው፤ ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀውም የለም። የመጣው አንጓች የምትባል የመንደሩን ልጅ አግብቶ ሲሆን፣ እሷም በሦስተኛው ዓመት እህል ልትሸምት ቆላ ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰችና በሳምንቷ ሞተች። ልጅ አልወለዱም። የአንጓች ዘመዶች እስከ ተዝካሯ ድረስ እየመጡ ይጠይቁት ነበር፤ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ግን እግራቸው ቀረ። ቀፀላም የሚሄድበት ስላልነበረው ከቅጽሩ ግንብ ሥር በተጠጋች ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ተቀመጠና ደዋይ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት፤ አገሩ ሁሉ የሚነሳው በዚህ ሰው እጅ ነው፣ ሙሽራው በእሱ ደወል ይባረካል፣ ሟቹም በእሱ ደወል ይቀበራል። ወደ እሱ ጎጆ ጎራ የሚል ግን አንድ ሰው የለም። ደወሉን የሰማ ሁሉ በደጁ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ሲወጣም በዚያው ደጅ አልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰላምታ የሚሰጠው አልጠፋም፤ «አንተ ደዋይ፣ ደህና አደርክ?» ይሉትና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። አይ ሰው! ቀፀላ አንድ አውራ ዶሮ ነበረው፤ እንደ ሰው ይሰድበዋል፣ ሲመሽ ደግሞ እንደ ሰው ይታረቀዋል። ከእሱ ሌላ የሚጣላውም የሚታረቀውም አልነበረውም።

እንደሚነገረው አንድ የነሐሴ ቀን መብረቅ ወይራዋን መታትና ደወሉ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። የደብሩ ቄስ መምሬ ዘወልድ «አዝመራው ይሰብሰብና ከወንዝ ሌላ ድንጋይ እናመጣለን፤ እስከዚያው እንደምንም በለው» አሉት። ቀፀላም ሁለቱን ስባሪዎች ጎን ለጎን አንጠልጥሎ፣ በገመድ ሲስባቸው እርስ በርሳቸው እንዲጋጩ አደረገ። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። የቀድሞው ደወል ሲመታ ድምፁ ረጅም ነበር፤ ይሄኛው «ቋ!» ይልና ስባሪዎቹ እየተፋተጉ «ቅርርር» ብለው ይለያያሉ። መንደርተኛው «አሁን ይሄ ደወል ነው ወይስ እንጨት ፈላጭ?» እያለ አላገጠበት።

ኅዳር ገባ። ኅዳር በዚያ ደን የአጋዘን የሠርግ ወር ነው ማለት ይቻላል። ወንዱ አጋዘን በሌላው ወር ጥላውን የሚፈራ አውሬ ነው፤ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ዱካው አይገኝም። በኅዳር ግን ሴት ፍለጋ ልቡ ይሸፍትና ጥንቃቄውን ሁሉ ይረሳዋል። ቀንድ ከቀንድ ሲጋጭ ከሰማ ሁለት ወንዶች በሴት ተጣልተዋል ብሎ፣ እሱም ሊሻማ፣ ቁጥቋጦውን እየጣሰ ይመጣል። ሴቷ በዚያው ድምፅ ትሸሻለች፣ ወንዱ በዚያው ድምፅ ይጠራል። አዳኞች ይህን ያውቁታል፤ ደዋዩ ግን ከየት አውቆ?

አንድ ጠዋት ቀፀላ ገመዱን እየሳበ ሳለ ግንቡ ዝቅ ካለበት በኩል ጠምዛዛ ቀንድ ብቅ አለ። ቀጥሎ ራሱ፣ ቀጥሎ በጎኑ ላይ ነጫጭ መስመር የተሰመረበት ትልቅ ወንድ አጋዘን ቆሞ፣ በውርጩ ውስጥ ትንፋሹ እየጨሰ፣ ቀፀላን ትክ ብሎ አየው። ቀፀላ ደነገጠና እጁ ቆመ፤ ድምፁ ሲቆም አጋዘኑም ዞሮ ጠፋ። በማግስቱ ደወለ፤ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ቀፀላ ከሚገባው በላይ አርዝሞ መደወል ጀመረ። «እንዴት አደርክ?» ይለው ነበር ገመዱን እየሳበ። ከአንጓች ሞት ወዲህ እሱ ጠርቶት ወደ እሱ የመጣ ፍጡር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ለታቦቱ ነው፤ ይህ ግን ለእኔ ነው ብሎ አመነ። ደስ አለው፤ ያን ሰሞን አውራ ዶሮውን እንኳ አልሰደበውም ይባላል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ነበር፤ ግን ደስታ ብቻውን ለያዘው ሰው ሸክም ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ፣ ቀፀላ እንደ ልማዱ በበሩ ጥግ ተቀምጦ ሁለት ዋንጫ ጠላ ጠጣና ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ስደውል አጋዘን ይመጣል፤ ቆሞም ይሰማኛል» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «ሊቆርብ ነዋ!» አለ፤ ሌላው «ንስሐ አባቱ አንተ ነህ ማለት ነው» ብሎ ጨመረበት። መምሬ ዘወልድ ግን አማተቡና «ምን ይታወቃል፣ አውሬውም የሚካኤልን ደጅ ሊሳለም ይመጣ ይሆናል» አሉ። አንድ ሰው ብቻ ጆሮውን አቀና። እሱም ወንድይፍራው ነው፤ በአገሩ ጠመንጃ የነበረው ብቸኛው አዳኝ። ዋንጫውን አስቀመጠና «አያ ቀፀላ፣ በየት በኩል ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀ።

አያ ተባለ። ቀፀላ ይህን ቃል ሲሰማ ግንቡ ዝቅ ያለበትን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ሳይቀር ዘረዘረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንድይፍራው ከግንቡ ውጭ አድፍጦ ጠበቀና፣ በደወል የመጣውን ያንን አጋዘን በአንድ ጥይት ጣለው። ፎከረ፣ ሸለለ፣ ሚስቱም ፀጉሩን ቅቤ ቀባችው። ቀፀላ ከወይራዋ ጀርባ ቆሞ አለቀሰ ይባላል። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ወንድይፍራውና ሦስት ባልንጀሮቹ ጠላ በገንቦ አሸክመው ወደዚያች ደሳሳ ጎጆ መጡ። እሳት አነደዱ፣ ወሬ አወሩ፣ «አያ ቀፀላ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» አሉ። ቀፀላም ዓይኑን ጠርጎ ሳቀ። ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ ጎጆ የሰው ሳቅ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ጾሙ ቢገባም አዳኞቹ «ሥጋውን ለገና ቋንጣ እንዘለዝለዋለን» እያሉ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ማታ ማታ ጎጆው ይሞላል፣ ጎህ ሲቀድ ደወል ይደወላል፣ ጠመንጃ ይጮኻል። ሁለተኛ ወንድ ወደቀ፤ ሦስተኛም ወደቀ። መምሬ የአዲሱን ድንጋይ ነገር ባነሱ ቁጥር ወንድይፍራው «ምን አስቸኮለን አባቴ፣ አዝመራው እኮ ገና ነው» ይላል፤ ቀፀላም ከጎኑ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። ሞኝ አልነበረም፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ደህና አድርጎ ያውቅ ነበር። ደወሉ ከተለወጠ አጋዘኑ እንደማይመጣ፣ አጋዘኑ ካልመጣ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ደጁን እንደማይረግጡ ያውቃል። ክፉ ነገር እኮ ነው ብቸኝነት፤ ያልቀመሰው ሰው ቀፀላን ለመውቀስ አይቸኩል።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ የቆየ ሕግ ነበር። ደም ያፈሰሰ ሰው እንኳ ቢሆን ሮጦ ከቅጽሩ ገብቶ ደወሉን ከደወለ ሚካኤልን ተማጥኗልና አይነካም፤ የሟች ወንድም ጦሩን ከበሩ ውጭ ተክሎ እያለቀሰ ይመለሳል እንጂ አይገባም። ይህን ሕግ ተላልፎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ቀፀላ ገመዱን ይዞ ወንድይፍራው እንደ ልማዱ ከግንቡ ውጭ አድፍጦ ሲጠባበቁ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ያረጀ ወንድ አጋዘን ከደኑ ወጣ። እንደሌሎቹ ከግንቡ ውጭ አልቆመም። ዘለለና ከቅጽሩ ገባ። ከስባሪዎቹ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ መሬቱን በኮቴው እየጫረ፣ የሚጣሉትን ወንዶች ዙሪያውን ይፈልግ ጀመር። ቀፀላን አያየውም፤ ጆሮው ያለው ከድምፁ ላይ ብቻ ነው። ከአንገቱ ላይ የድሮ ቁስል ጠባሳ ነበረው፤ ቀፀላ ቀስ ብሎ እጁን ቢዘረጋ ሊነካው ይችል ነበር ይላሉ።

ቀፀላ ገመዱን ቢለቅ ይበቃ ነበር። ድምፁ ከቆመ አውሬው ይነቃል፣ ይሸሻል፣ ይተርፋል። ግንቡ ዝቅ ወዳለበት አየ። ወንድይፍራው ከዚያ ማዶ ሆኖ አፈሙዙን ወደ ቅጽሩ ውስጥ አዙሮ፣ ጣቱን እያወዛወዘ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይለዋል፤ የቅጽሩን ሕግ እንደሆነ በዚያች ሰዓት እሱም ረስቶታል። ቀፀላ ስለ ማታው አሰበ፤ ስለ እሳቱ፣ ስለ ወሬው፣ «አያ» ስለመባሉ። ገመዱን ሳበ። ቋ! አለ ድንጋዩ። ጥይቱም ጮኸ። አጋዘኑ በጉልበቱ ወደቀና ደሙ ከደወሉ ሥር ፈሰሰ፤ እስኪሞት ድረስ ዓይኑን ከቀፀላ ላይ አላነሳም ይባላል።

በቅጽሩ ደም ስለፈሰሰ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። መምሬ ዘወልድ ሕዝቡን ከዋርካ ሥር ሰብስበው ጠየቁ። ወንድይፍራው ተነሥቶ መተኮሱን አመነ፤ ቢሆንም «አባቴ፣ የገባው አውሬ እንጂ ሰው አይደለም። ደወል ደውሎ አልተማጠነ፤ በምን ሕግ ነው የምጠየቀው?» አለ። ብዙው ሰው «እውነቱን ነው» ብሎ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ቀፀላ ከሕዝቡ ዳር ተነሣ።

«እውነቱን ነው፤ እሱ አልደወለም፤ የደወልኩለት እኔ ነኝ» አለ። «ነፍሰ ገዳይ ሮጦ ገብቶ ይድናል። ይሄንን ግን እኔ ጠርቼ አስገብቼ አስገደልኩት። ለምን ብትሉ፣ እናንተ ቤቴ እንዳትቀሩብኝ ነው።»

ቀፀላ የደወሉን ገመድ ከመምሬ እግር ሥር አስቀመጠና «ከእንግዲህ እስክሞት በኅዳር አልደውልም» አለ።

«ሕዝቡንስ ማን ይቀሰቅሳል?» አሉት መምሬ።

«እግር አለኝ፣ አባቴ።»

ወንድይፍራው የተሰጠውን ቀኖና ተቀበለ፤ ቅጽሩም ጸበል ተረጭቶ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ፤ ዳግመኛም በኅዳር በዚያ ደን ጠመንጃ እንዳይተኮስ ተገዘተ። በጥር አዲስ ድንጋይ ከወንዝ መጣ፤ ድምፁም ያማረ ሆነ። «እንግዲህ ይሄ አጋዘን አይጠራም፤ ለምን አትደውልም?» ቢሉት ቀፀላ «የጠራው ድንጋዩ አይደለም፣ እጄ ነው» ብሎ እምቢ አለ። አዳኞቹ ከዚያ ወዲህ ጎጆውን አልረገጡም። አንዳንዶቹም «ገና ሲቃረብ ቋንጣችንን ያስቀረ» እያሉ አሙት። ስሙም ተመልሶ «አንተ ደዋይ» ሆነ።

በኅዳር በኅዳር ግን ይዞራል። ውርጩ እንደ መርፌ በሚወጋበት ጠዋት ከመጀመሪያው ቤት ይጀምርና «ኪዳን ደርሷል» ብሎ ያንኳኳል። ከውስጥ «ሰማን!» ይሉታል፤ ብርዱን ፈርተው በር የሚከፍትለት የለም። ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል፤ «ሰማን!» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ቀፀላ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሰው ወደ እኔ ካልመጣ እኔ በእግሬ ከደጁ ብቆም አንዱ እንኳ ይከፍትልኛል ብሎ ነበር። ከደኑ አጠገብ የሚያልፈው መንገድ ላይ ሲደርስ አንዳንድ ቀን ከውስጥ የቀንድ ግጭት ይሰማል። እጆቹን በጋቢው ውስጥ እንደደበቀ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረገ ሽማግሎቹ አይስማሙም፤ ሰባትም የሚል አለ፣ አሥራ ሁለትም የሚል አለ።

አንድ የኅዳር ጠዋት መምሬ ዘወልድ ኪዳን ሊያደርሱ ቢገቡ ከመንደሩ እኩሌታው ብቻ መጥቶ አገኙ። እኩሌታው ፀሐይ ወጥቶበት ተኝቷል። «እናንተን ቀስቅሷችኋል?» «ኧረ እኛ ዘንድ አልደረሰም» እየተባባሉ መንገዱን ተከትለው ቢሄዱ፣ ቀፀላን ከወንድይፍራው በር ላይ አገኙት። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ዱላውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ጋቢው ላይ አመዳይ ወርዶበታል። ሞቷል።

በቀብሩ ላይ ወንድይፍራው ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ ይባላል። «ኪዳን ደርሷል ብሎ አንኳኳ፤ ሰማን አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ አንኳኳ። እሱ እኮ ሁለቴ አንኳኩቶ አያውቅም። ሰማን አልኩህ እኮ! ብዬ ጮኽኩበትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።» ይህን ብሎ አፈሩን በሁለት እጁ እያፈሰ ራሱ ላይ በተነ። ሰው ሊይዘው ቢሞክር አቃተው።

ቀጣዩ ኅዳር ሲገባ የሚዞር ሰው አልተሾመም ነበር። ወንድይፍራው ሳይሾሙት ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ያንኳኳል፤ ከውስጥ «ሰማን!» ይሉታል፤ እሱ ግን አይሄድም። እስኪከፍቱ ድረስ ብርዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ «ይሄ ሰውዬ አበደ እንዴ?» አሉ፤ ኋላ ግን አፍረው ከፈቱ። ከፍተው ሲያዩት ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እንዴት ብለው እለፍ ይበሉት? «ግባና ሙቅ» አሉት። በየቤቱ እንዲህ ሆነ።

እነሆ ዛሬም በወይራ ግንብ የእግር ደወል ሲያንኳኳ ከውስጥ ሆኖ «ሰማን» ማለት ነውር ነው። በር ተከፍቶ «ግባና ሙቅ» ይባላል፤ እሱም ይገባል፣ ከምድጃው ዳር እጁን ያሞቃል፣ ሁለት ቃል ይለዋወጣል፣ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በኅዳር ኪዳን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀመራል፤ ካህናቱ ያጉረመርማሉ እንጂ የሚከለክል የለም። በመንደሩ ሰው ሁሉ ስለ አያቶቹ መኩራራት ይወዳል፤ የእኔ አያት አንበሳ ገደለ፣ የእኔ አያት ንጉሥ ፊት ቆመ የማይል የለም። «የእኔ አያት ለቀፀላ በር ከፍቶለት ነበር» የሚል ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልተገኘም።